የዳኛዋ ገበታና የሥጋ ቤቱ ቋሊማ

እኔ የሥጋ ቤት ልጅ ነኝ። ይህን ስናገር ድምፄን ዝቅ አድርጌ አላውቅም። ሰፈሩ «ሰንጢ» ይለኛል፤ ግማሹ በቢላዬ፣ ግማሹ በምላሴ ምክንያት። ሁለቱንም ስሎ ያሳደገኝ አባቴ ነው፤ ቅር ያለው ካለ እሱን ያነጋግር።

እንግዲህ የምወደው ሰው፣ ያውም ከዓመት በላይ ልቤን ይዞ የሚዞር ሰው፣ መንገድ ላይ ከእናቱ ጋር ሆኖ ድንገት ሲያገኘኝ፣ «እማዬ፣ ተዋወቂያት፤ ጓደኛዬ ናት፣ የምግብ ሥራ ላይ ናት» ሲል ምን እንደተሰማኝ አስቡት። የምግብ ሥራ። ምግብማ የማይሠራ ማን አለ? እናቱ በጡረታ የተገለሉ ዳኛ ናቸው፤ ችሎቱን ከተዉ ቢቆዩም የሚያውቃቸው ሁሉ አሁንም «ዳኛዋ» ነው የሚላቸው። ከፀጉሬ እስከ ጫማዬ አዩኝ፤ ጫማዬ ላይ ትንሽ ቆዩና «ጥሩ ነው» ብለው አለፉ። እሱም ተከትሏቸው ሄደ። ጥቂት እንደሄደ ዞሮ እንዳየኝ የነገረችኝ ጎረቤታችን ናት፤ እኔ ጀርባዬን ሰጥቼ ነበር።

ከዚያ ቀን በኋላ ስልኩን አላነሳሁም። ተኮራረፍን ማለት ይቀላል፤ እኔን የያዘኝ ግን ኩርፊያ አልነበረም። ሰው ሲንቅህ ያማል፤ የሚወድህ ሰው ሲያፍርብህ ግን ያቃጥላል። ማታ ማታ ትራሴን አቅፌ አለቀስኩ፣ ጠዋት ጠዋት ፊቴን በቀዝቃዛ ውኃ ታጥቤ ሱቅ ገባሁ።

በመጨረሻ አንድ ሐሙስ ጠዋት ራሱ መጣ።

ሐሙስ የቋሊማ ቀናችን ነው። ሥጋውንና ስቡን ከዋዜማው ቆራርጠን ማቀዝቀዣ ውስጥ እናሳድራለን፤ የመፍጫው ብረት ራሱ አብሮ ያድራል። ቋሊማ ብርድ ይወዳል። ስቡ መለስለስ ከጀመረ አለቀ፤ ሲፈጭ ከሥጋው ጋር ይቀባባል፣ መጥበሻ ላይ ሲወጣ ደግሞ ቀልጦ ይፈስና ደረቅ ፍርፋሪ አስታቅፎህ ይሄዳል። መለስለሱን የሚያውቅ ጣት ነው። አባቴ ደግሞ ዕድሜውን ሙሉ በረዶ የያዘ ሥጋ ሲያገላብጥ ኖሮ የጣቶቹ ጫፍ ደንዝዟል፤ ብርድና ሙቀት አይለይም። ይህን ከእኔ በቀር የሚያውቅ የለም፤ እንዲታወቅበትም አይፈልግም። ስለዚህ ስቡን የምነካው እኔ ነኝ፤ እሱ ደግሞ ራሱ ነክቶ የወሰነ ይመስል «ይበቃል፣ አውጪው» ይላል። እኔም «እሺ አባዬ» እላለሁ።

መሃንዲሱ ሲገባ የተፈጨውን ሥጋ በነጭ ሽንኩርትና በቁንዶ በርበሬ አሽቼ ጨርሼ፣ አጥቤ ያዘጋጀሁትን የበግ አንጀት እየሞላሁ ነበር። «መሃንዲሱ» የሚለው አባቴ ነው፤ እኔ በዚያን ቀን የምጠራበት ስም አልነበረኝም። ከሱቃችን ፊት ለፊት ሕንፃ ሲያሠራ ምሳውን ሊገዛ እየመጣ፣ ምሳው አልቆም እዚያው የተገለበጠ ሳጥን ላይ ተቀምጦ እጄን ሲያይ ነው የተዋወቅነው። በተለይ ስቋጥር ያያል። ቋጠሮው የቤታችን ነው፤ ሲባጎው ሁለት ጊዜ ይዞርና ጫፉ በግራ በኩል ከሥር ይሸጎጣል። ከአያቴ ለአባቴ፣ ከአባቴ ለእኔ የመጣ ነው፤ የሌላ ሥጋ ቤት ሰው እንደዚያ አይቋጥርም።

«ስልክ ስለማታነሺ እጅሽን እንኳ ልይ ብዬ ነው የመጣሁት» አለ፣ ሳጥኑ ላይ ሳይቀመጥ።

«እጄ የምግብ ሥራ ላይ ነው» አልኩት።

አባቴ ሳቁን ሊደብቅ ወደ መፍጫው ዞረ።

«ይገባኛል። ስድብም ቢሆን ይገባኛል። ግን እናቴ እሁድ ምሳ ጠርታሻለች። ትመጪያለሽ?»

«ማንን ብለሃት ነው የጠራችው?»

ዓይኑን አየሁት፤ አልሸሸም፣ ግን ቀልቷል። እኔም ሥራዬን አቆምኩ።

«ስማኝ» አልኩት። «እኔ ጌጥ አይደለሁም፣ በወረቀት ጠቅልለህ የምታስገባኝ። የምመጣው በአንድ ነገር ነው። ቤተሰብህ ሁሉ ባለበት፣ የሥጋ ቤት ልጅ ናት፣ ቋሊማ ትሠራለች ብለህ ትናገራለህ። ሳትንተባተብ። ይህን ካልቻልክ ደግሞ ዛሬውኑ ንገረኝና እዚሁ ይብቃን።»

«ከመናገር በላይ አደርጋለሁ» አለ።

«ከመናገር በላይ አልጠየቅኩህም።»

ሲሄድ በሩ ላይ ቆሞ ወደ እኔ አየ። እኔም አየሁት። የናፈቅኩትን ያህል እንዳላሳይ ጥርሴን ነክሼ ነበር፤ ግን ናፍቄው ነበር፣ በጣም ናፍቄው ነበር።

*

እሁድ ጥሩ ልብሴን ለበስኩ። አባቴ ሊሸኘኝ በር ድረስ መጣና «ቀና ብለሽ ተቀመጪ» ብቻ አለኝ። ቅዳሜውን ሱቅ አልዋልኩም፤ ፀጉሬን ስሠራ ነበር። እሱ ብቻውን ነው የዋለው። እሁድ ጠዋት ታዲያ ፊቱ ላይ የሆነ ፈገግታ ነበረው፤ ብጠይቀው «ምንም» አለኝ።

የዳኛዋ ቤት ሰፊ ነው፤ ከወለሉ ንጣት የተነሣ መርገጥ ያሳቅቃል። ግድግዳው በሕግ መጻሕፍት ተሞልቷል። ዳኛዋ አመድማ ቀሚስ ለብሰው በገበታው ራስ ተቀምጠዋል፤ በግራቸው ልጃቸው፣ የመሃንዲሱ ታላቅ እህት፣ ከባሏ ጋር ተቀምጣለች። መሃንዲሱ ጣቱ ላይ ፕላስተር ለጥፏል። ምን ሆንክ ስለው «ቆይ፣ ትሰሚያለሽ» ብሎ ሳቀ። ወዲያው ከውጭ የመኪና ጥሩምባ ተነፋ፤ ጉልበታቸውን የሚያማቸው አጎቱ ደርሰው ኖሮ ከመኪና ሊያወርዳቸው ወጣ።

እሱ እንደወጣ የቤቱ ሠራተኛ ትልቅ ሳህን ይዛ ገባች።

«ይሄ ፍሪጅ ውስጥ በሥጋ ቤቱ ወረቀት ተጠቅልሎ የተቀመጠው ነው፣ እትዬ። ለምሳ መስሎኝ ጠበስኩት።»

ቋሊማ ነበር። ሲባጎው እንኳ አልተፈታም።

«ቤተሰቦችሽ ናቸው የላኩልን? እናመሰግናለን» አሉኝ ዳኛዋ፤ ልጃቸው ባይነግራቸውም የማን ልጅ እንደሆንኩ ከሰፈር ሰው ሰምተው ኖሯል። እኔ ምንም አልላክሁም። ግን ሳህኑ ዳር ላይ የቀረው ቁራጭ ወረቀት የእኛ ነበር፤ ማኅተማችን አለበት።

ዳኛዋ ቆረጡና ቀመሱ። አኝከው አኝከው በችግር ዋጡት። ከዚያ ሹካቸውን በቀስታ አስቀምጠው ሳህኑን በሁለት ጣት ገፋ አደረጉት።

«ይህ ነው ሰው የሚያወራለት?» አሉ። ክፋት አልነበረበትም፤ እንደ ጥያቄ ነው የጠየቁት። የባሰውም እሱ ነው።

«ትንሽ ደረቅ ይላል» አለ የእህት ባል፣ ውኃ እየቀዳ።

ቀመስኩት። ስቡ ሸሽቶታል። የቀረው አሸዋ ነው፤ አፌ ውስጥ ተበተነ። አንድ ዓረፍተ ነገር ብናገር እኮ ከሐፍረቱ እወጣለሁ፤ «ይህ የእኛ ሥራ አይደለም፤ በወረቀታችን ማንም ይጠቀልልበታል» ብል ይበቃል። ልናገር አፌን ስከፍት ዓይኔ ሲባጎው ላይ አረፈ። ሁለት ጊዜ ዞሯል። ጫፉ በግራ በኩል ከሥር ተሸጉጧል።

እንደዚያ የሚቋጥር በምድር ላይ እኔና አባቴ ብቻ ነን፤ እኔ አልቋጠርኩም። የቅዳሜው ብቻውን መዋል፣ የጠዋቱ ፈገግታ፣ ሁሉም በአንዴ ገባኝ። ሽማግሌው እኔን ሊያኮራ ብሎ ተደብቆ ሠርቶ ልኳል። ጣቱ ስቡ መሞቁን አልነገረውም። እዚያች ንጹሕ ክፍል ውስጥ አባቴ በዓይነ ሕሊናዬ መጣ፤ እነዚያን የደነዘዙ ጣቶቹን እያሻሸ፣ ደስ ብሎት። ያን ጊዜ ኩራቴ የት እንዳለ አወቅሁት፤ ቋሊማው ላይ አልነበረም።

«የእኔ ሥራ ነው» አልኩ፣ ጮክ ብዬ። «ስቡ ሞቆብኝ ነው። አባቴ ይህን ከቤቱ አያወጣም፤ እሱ የለበትም። ጥፋቱ የእኔ ነው።»

ዳኛዋ በሥራቸው ብዙ ሰው ጥፋቱን ሲክድ እንጂ ሲወስድ ያዩ አይመስለኝም፤ መነጽራቸውን አስተካክለው አዩኝ።

«አይደለም» አለ ከበሩ በኩል አንድ ድምፅ። መሃንዲሱ አጎቱን ደግፎ ቆሟል። ሁሉንም ሰምቷል። «እሷ አልሠራችውም። እኔ ነኝ የሠራሁት።»

«አንተ?» አለች እህቱ።

«እኔ። ትናንት ቤት ውስጥ ሰው አልነበረም፤ እዚሁ ወጥ ቤት ስታገል ዋልኩ። ሥጋውንም ስቡንም አንጀቱንም ከአባቷ ገዛሁ፣ እንዳይነግሯት ለመንኳቸው። መጀመሪያ ራሴ ልቀምሰው ነበር፤ ቀድሞኝ ገበታ ላይ ወጣ።» አጎቱን አስቀመጠና ወደ እናቱ ዞረ። «እማዬ፣ ያኔ መንገድ ላይ አልዋሸሁሽም፣ ግን ከውሸት የባሰ አደረግሁ። የሥጋ ቤት ልጅ ናት። ሥጋ ትበልታለች፣ አንጀት ታጥባለች፣ ቋሊማ ትሠራለች። ይህን ለመናገር አፌን የያዘኝ ምን እንደሆነ ራሴን ጠየቅኩት፤ አንቺን ፈርቼ ነው። አፌ ያፈረበትን ሥራ እጄ ይሞክረው ብዬ ነው የገባሁበት። አልሆነልኝም። ጣቴን ቆረጥኩ፣ አንጀቱን ደጋግሜ ቀደድኩት፣ እንደምታዪውም አበላሸሁት። እሷ ግን አሁን የእኔን ብልሽት ወስዳ በራሷ ላይ ጫነችው። የማገባት እሷን ነው። ከዚህ በኋላ የምፈራው ሰው የለኝም።»

አልተንተባተበም። አንድም ቃል አልዋጠም።

ያን ጊዜ ዳኛዋ አንድ ነገር አደረጉ። የገፉትን ሳህን ወደ ራሳቸው ሳቡት። ሹካቸውን አነሱ፣ ያንን አሸዋ የመሰለ ቋሊማ ጎረሱ፣ ዓይናቸው እንባ እያቀረረ አኘኩት። ሌላም ጎረሱ።

እናት ናቸው፤ ገብቶኛል። ግን ደሜ ፈላ።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ አንድ ነገር ልበል» አልኩ።

«ቀጥይ» አሉ፣ ችሎት ላይ እንዳሉ።

«የእኛ ሥራ ሲመስልዎት ገፉት። የልጅዎ ሲሆን ሳቡት። ቋሊማው አልተለወጠም።»

እህቱ ትንፋሿን ዋጠች። ዳኛዋ ማኘካቸውን አቆሙ። ረጅም ጊዜ አዩኝ፤ እኔም አባቴ እንዳለኝ ቀና ብዬ ተቀምጬ አየኋቸው።

«ልክ ነሽ» አሉ በመጨረሻ። «ሳላጣራ ፈረድኩ። እንዲህ ብሎ ፊት ለፊት የነገረኝ ሰው ካገኘሁ ቆይቻለሁ።» አፋቸውን በናፕኪን ጠረጉ። «የአንቺን እጅ ግን ገና አልቀመስኩም።»

«ለፈተና ሳህን ተሸክሜ አልመጣም። መቅመስ ከፈለጉ ሐሙስ ጠዋት ስንሠራ ይምጡ። በራችን ክፍት ነው።»

ተነሥቼ እጅ ነሣሁና ወጣሁ። ግቢው ስደርስ ግንቡን ተደግፌ ቆምኩ። ከኋላዬ ሲመጣ ሰማሁት።

«አባትሽ የሠሩት መስሎሽ ነው አይደል?» አለኝ ቀስ ብሎ።

«ቋጠሮው የእኛ ነው። ማን አሳየህ?»

«አንቺ ነሻ። ዓመት ሙሉ ሳጥን ላይ ተቀምጬ ምን የማይ መሰለሽ?»

«ስቡንስ? ለምን አላቀዘቀዝከውም? ስንት ጊዜ ፊትህ ሠርቻለሁ።»

«ብርዱ አይታይማ» አለ። «እጅሽ ሲንቀሳቀስ አያለሁ፤ እጅሽ የሚሰማውን ግን ከየት ልየው? ሳትነግሪኝ።»

ሳቄ መጣ፣ ከሳቁ ጋር ደግሞ ያ ሁሉ የታቆረ እንባ። እየሳቅኩ አለቀስኩ፣ እያለቀስኩ ደረቱን በቡጢ መታሁት፤ እሱም ፕላስተር በተለጠፈበት ጣቱ እንባዬን ጠረገ። ነጭ ሽንኩርት ነጭ ሽንኩርት ይሸታል። እኔን የሚሸተኝን ሽታ እሱ ላይ ሳገኘው ወደድኩት፤ ከበፊቱም አብልጬ ወደድኩት።

*

አባቴን ቤት ስገባ አፋጠጥኩት።

«ስቡን በምን ያህል ብርድ እንደሚይዘው ብትነግረው ምን ነበረበት?»

«መች ጠየቀኝ?» አለ። «ሥጋ ስጠኝ አለ፣ ሰጠሁት። ምክር አልገዛም።» ከዚያ «እኔ የሠራሁት መስሎሽ ነው ጥፋቱን በራስሽ ላይ የወሰድሽው?» አለ። ማን እንደነገረው አላውቅም፤ መሃንዲሱ ደውሎለት መሆን አለበት። እሱም ጣቶቹን ወደ ኪሱ ከተተና መስኮቱ ጋ ሄዶ ቆመ፤ ትከሻው ሲነሣና ሲወርድ አየሁት።

ሐሙስ ደረሰ። ይመጣሉ ብዬ አልጠበቅኩም ብል ውሸት ነው፤ ጠረጴዛውን ሁለት ጊዜ ነው ያጠብኩት። መሃንዲሱ ከመሥሪያ ቤቱ ፈቃድ ወስዶ፣ እጅጌውን ጠቅልሎ፣ ጥግ ላይ አንጀት ያጥባል። አባቴ «ቀስ በል፣ ልብስ ነው እንዴ የምታሸው» እያለ ይነዘንዘዋል።

ዳኛዋ በፊት ለፊቱ በር ገቡ። አባቴ እጁን ጠርጎ ተቀበላቸውና ንጹሕ ሽርጥ ሰጣቸው። እሳቸውም ታጠቁት።

አንጀት ከመሞላቱ በፊት ከታሸው ሥጋ ቆንጥረን እንጠብሳለን፤ የጎደለ ነገር ካለ የሚስተካከለው ያኔ ነው። ቀማሹ ምንጊዜም አባቴ ነው። ያን ቀን ግን ቁራሹን በሹካ ወግቶ ለዳኛዋ አቀበላቸው። ቆመው ቀመሱ። ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«ጨው ያንሰዋል» አሉ።

መሃንዲሱ አንጀቱን ይዞ ደርቆ ቀረ። የእኔን ጨው ያንሰዋል ያለኝ ሰው እስከዛሬ አልነበረም፤ ምላሴ ላይ የመጣውን መልስ እዚህ ባልጽፈው ይሻላል። ግን ቆንጥሬ ቀመስኩት።

እውነት ነው፣ ያንሰዋል። ለእሳቸው እንዳይበዛ ብሎ እጄ ፈርቶ ነበር። እሁድ ፊት ለፊት የተናገርኳቸውን ሴት እጄ ግን ፈርቷቸው ነበር።

«እውነትዎን ነው» አልኩ። ጨውን ጨመርኩ፣ መዳፌ ላይ እስኪጣበቅ እንደገና አሸሁት፣ ሌላ ቆንጥሬ ጠበስኩ። ሁለተኛውን ሲቀምሱ ምንም አላሉም። ሦስተኛ ቁራሽ ግን ራሳቸው ከመጥበሻው ላይ አነሡ። አባቴ ጢሙ ሥር ፈገግ አለ። ለሥራዬ ከእሳቸው ሙገሳ አልፈለግሁም፤ እንደ ባልደረባ እውነቱን ነግረውኛል፣ ያ ከሙገሳ በልጦብኝ ቀና ብዬ ቆምኩ።

ያን ጊዜ የሰፈራችን ፋርማሲ ባለቤት ሥጋ ልትገዛ ገባች። ከዳኛዋ ጋር የቆየ ትውውቅ አላቸው። በሽርጥ ስታያቸው ቦርሳዋ ከትከሻዋ ተንሸራተተ።

«እርስዎ ነዎት? እዚህ ምን ያደርጋሉ?»

መሃንዲሱ ወደ እናቱ አየ። እኔ ወደ ጠረጴዛው አየሁ። ዳኛዋ ቅባት የነካ እጃቸውን ሳይጠርጉ ዞሩ፣ ድምፃቸውን እስከ መንገዱ ድረስ በሚሰማ ልክ ከፍ አደረጉት።

«ምራቴ ቋሊማ ትሠራለች» አሉ። «ይህ ቤቷ ነው። አንቺም ገዝተሽ ብትቀምሺው አትጸጸቺም።»

ሴትዮዋ ምን ብላ እንደመለሰች አልሰማሁም። መሃንዲሱ እያየኝ ነበር፣ አባቴ መፍጫውን ማዞር ረስቶ ቆሟል፣ እኔም ደስታዬን የት እንደማደርገው ጠፋኝ። የአንጀቱን አንድ ጫፍ ለዳኛዋ ሰጠኋቸውና «ጠበቅ አድርገው ይያዙልኝ» አልኳቸው።

እሳቸውም ጠበቅ አድርገው ያዙልኝ።